ዓምዱ ያልበቃው ቃል፦ የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ በመረጃ ቋት ውስጥ ስለ መቆረጡ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ሥራ የተጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በዚህ ደጋማ ወረዳ መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባሉ። እንዲህ ባለው ምዝገባ አብዛኛው መልስ በኮድና በቁጥር ይያዛል። ሁለት ነገሮች ግን ወደ ኮድ ሊለወጡ አይችሉም፤ እነርሱም የሰው ስምና፣ ሞት በደረሰበት ቤት ቤተ ዘመድ ስለ ሟቹ ሕመም በራሱ አንደበት የሚሰጠው ትረካ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህ ሁለቱ ከተመደበላቸው ዓምድ ሲረዝሙ የሚሆነውን ነው። ምሳሌዎቹ ለማስረዳት የተሰናዱ እንጂ ከየትኛውም መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም።

ችግሩ የሚጀምረው «50» ከሚለው ቁጥር ነው። የሠንጠረዥ ነዳፊ ለስም ዓምድ 50 ብሎ ሲወስን ሃምሳ ፊደል የፈቀደ ይመስለዋል። በፖስትግሬስና በማይኤስኪውኤል እውነትም እንዲሁ ነው። በኦራክል ግን፣ ልማዳዊው ቅንብር ካልተለወጠ በቀር፣ ቁጥሩ የሚለካው በባይት ነው። የላቲን ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንድ ባይት ብቻ ስለሚወስድ በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው ልዩነቱን ሳያውቀው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ አራት ነጥብም እንዲሁ።

«ገብረእግዚአብሔር ወልደሚካኤል ኃይለማርያም» የሚለውን ስም እንውሰድ። 24 ፊደላትና ሁለት ክፍተቶች ስላሉት 74 ባይት ይሆናል። ዓምዱ 50 ባይት ከሆነና ሥርዓቱ ትርፉን በዝምታ የሚቆርጥ ከሆነ፣ የሰውየው ስም 30 ባይት፣ ክፍተቱ አንድ፣ ከአባት ስም የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት 18 ባይት ይወስዳሉ። ድምሩ 49 ነው። የቀረችው አንዲት ባይት የ«ል» ሲሶ ትሆናለች። በዋናው የግዕዝ ፊደል ረድፍ የእያንዳንዱ ፊደል የመጀመሪያ ባይት 225 በመሆኑ፣ ከዚህች ቁራጭ ተነሥቶ የተቆረጠው ፊደል የትኛው እንደ ነበረ ማወቅ አይቻልም። በማያ ገጹ ላይ የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር ቅርጽ ይታያል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ መላውን ፋይል አላነብም ይላል።

ከፊደሉ መሰበር የሚከፋው የአያት ስም ፈጽሞ መጥፋቱ ነው። በአገራችን የስም ሥርዓት ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎችን የሚለያቸው የአያት ስም ነው። እርሱ ከተቆረጠ በስም ላይ የተመሠረተ የመዝገብ ማዛመድ ሥራ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ሊቆጥር ይችላል፤ የአንዱ ሞት በሌላው መዝገብ ላይ ቢሰፍር የመኖር ዕድሜ ስሌቱ ይፋለሳል። ስሙን በላቲን ፊደል መጻፍ ባይቱን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የአጻጻፉ ወጥነት ማጣት ሌላ የማዛመድ ችግር ስለሚያመጣ መፍትሔ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ትረካው ከስም ይልቅ የተጋለጠ ነው። ቨርባል አውቶፕሲ በሚባለው የሞት ምክንያት አጣሪ ቃለ መጠይቅ፣ መዝጊያ ጥያቄዎችን ብቻ የሚጠቀሙት እንደ ኢንተርቪኤ ያሉ ስሌቶች ትረካውን አይፈልጉትም፤ ሐኪሞች አንብበው ምክንያት በሚሰጡበት አሠራር ግን ትልቅ ክብደት አለው። ቤተ ዘመድ ታሪኩን ከመጀመሪያው ሕመም ጀምሮ ስለሚተርክ የመጨረሻዎቹ ቀናት ምልክቶች የሚገኙት በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ነው። መቆረጥም የሚጀምረው ከመጨረሻ ነው። አንድ ቃል በአማካይ አራት ፊደል አለው ብንል ከክፍተቱ ጋር 13 ባይት ይሆናል፤ 255 ባይት ያለው ዓምድ እንግዲህ የሚይዘው 19 ቃል ብቻ ነው። ሐኪሙ ትኩሳቱን ያነባል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣውን የትንፋሽ ማጠርና ራስን መሳት አያገኝም። የጎደለ ነገር መኖሩንም የሚነግረው የለም።

ሥርዓቶች ለረጅም ጽሑፍ የሚሰጡት ምላሽ የተለያየ ነው። ፖስትግሬስ አልቀበልም ብሎ ስሕተት ያሳውቃል። ማይኤስኪውኤል ከ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.7 እትም ጀምሮ በልማዳዊ ቅንብሩ እንዲሁ ያደርጋል፤ ከዚያ በፊት ግን ቆርጦ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ማስጠንቀቂያን የሚያነብ ደግሞ ጥቂት ነው። በአንድሮይድ ታብሌቶች ላይ የተለመደው ኤስኪውላይት በዓምዱ ላይ የተጻፈውን ርዝመት ጨርሶ አያስከብርም። ስለዚህ መስክ ላይ ሙሉውን የተቀበለ ታብሌት ከተማ ገብቶ ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ ጽሑፉ ሊቆረጥ ወይም ሊመለስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ተጠያቂዋ በደጋው ቀበሌ ናት፤ ጠያቂው ወደ እርሷ ለመመለስ የአንድ ቀን መንገድ ያስፈልገዋል።

አሮጌ መረጃ ለሚያሸጋግሩ ተመራማሪዎች ሌላ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ3.0 እትም በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ቅርጸ ፊደላት ብዙው ፊደል በአንድ ወይም በሁለት ባይት ይጻፍ ነበርና፣ በቀድሞው ዓምድ በደንብ ይገባ የነበረ ስም ወደ ዩቲኤፍ-8 ሲለወጥ ሊተርፍ ይችላል። በትንተናው ጫፍም ስታታ እስከ 12ኛው እትሙ ከ244 ቁምፊ በላይ አይዝም ነበር። ከ13ኛው ጀምሮ ገደቡ 2045 ባይት ሆኖ ለረጃጅም ጽሑፍ ልዩ ዓይነት ተጨመረለት።

የተቆረጠ መረጃ ዐሻራ ይተዋል። የዓምዱን እሴቶች ርዝመት በባይት ቆጥሮ ሥርጭቱን ማየት በቂ ነው፤ ጤናማ ሥርጭት ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ የተቆረጠው ግን በገደቡ ላይ ይከመራል። ቆራጩ ፊደል እንዳይሰበር የሚጠነቀቅ ከሆነ ክምሩ በ253፣ በ254ና በ255 ላይ ይታያል። ይህን ፍተሻ የመመረቂያ ጽሑፉን ትንተና ከመጀመሩ በፊት የሚያደርግ ተማሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ አያጠፋም።

ዓምዱን ማስፋት ቀላሉ መድኃኒት ነው፤ ትረካ ገደብ በሌለው የጽሑፍ ዓይነት ቢቀመጥ የሚጎዳ ነገር የለም። በስም ላይ ግን ማውጫ ስለሚሠራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቀድሞው የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዥ የማውጫ ቁልፍ ከ767 ባይት ማለፍ ስለማይችል፣ ለአንድ ቁምፊ አራት ባይት በሚያስበው ቅንብር ከ191 ቁምፊ በላይ አይፈቀድም። ለሦስት ስሞች ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስሙን፣ የአባትን ስምና የአያትን ስም በሦስት ዓምዶች መለየት ደግሞ የተሻለ ነው፤ የአንዱ መርዘም ሌላውን አያጠፋምና። የርዝመት ፍተሻው ግን መቀመጥ ያለበት በታብሌቱ ላይ፣ ጠያቂውና ተጠያቂዋ ገና ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ ነው።