በዝሆኔ የሚያልፍ ዓመት፦ ፖዶኮኒዮሲስ በምዕራብ ሸዋና በሌሎች አካባቢዎች

በጊንጪና በአካባቢዋ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ እግሩ ያበጠ ገበሬ ሲመጣለት የሚያየው በአብዛኛው የበሽታውን አንድ ቀን ነው፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የብሽሽት ንፍፊት፣ የቀላና የሚያቃጥል እግር። አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ታዝዞለት ይሄዳል። የቀሩት የዓመቱ ቀናት እንዴት እንደሚያልፉ ግን በካርዱ ላይ አይሰፍርም።

ፖዶኮኒዮሲስ ዝሆኔ ከሚባሉት ሕመሞች አንዱ ሲሆን መንስኤው ትል አይደለም። ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው በመግባት የሊምፍ ቧንቧዎችን ያውካሉ። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በሚዳ ቀኝ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተጠኑት ነዋሪዎች 7.4 ከመቶ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ሲያሳይ፣ በደም ምርመራ የፊላሪያ ትል አልተገኘም። በ2013 በ659 ወረዳዎች በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት በሽታው በ345ቱ መኖሩ የታወቀ ሲሆን፣ የሕመምተኞቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተገምቷል።

ስለ ዕለት ኑሮው ብዙ ያስተማረው ጥናት ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከአነደድ ወረዳ ይመጣል። 696 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው አንደኛው ቡድን የእግር ንጽሕናና የቆዳ እንክብካቤ ሥልጠና፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያውኑ ሲያገኝ፣ ሁለተኛው ከ12 ወራት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። ሕመሙ በተነሣ ቁጥር በማስታወሻ ይመዘገብ ነበር። በ2018 በታተመው ውጤት ሕክምናው የዘገየለት ቡድን በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ፣ የታከመው ደግሞ 19.4 ጊዜ ሕመሙ ተነሥቶበታል። ይህም ሕመሙ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይነሣል ማለት ነው። በትዝታ ላይ የተመሠረቱ ቀደምት መጠይቆች ያሳዩት ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ሕመምተኛ «በዓመት ስንት ጊዜ ይነሣብዎታል?» ሲባል የሚያስታውሰው አልጋ ላይ የጣለውን ቀን እንጂ እያነከሰ ከብት ያገደበትን አይደለም ቢባል ሚዛን ይደፋል። ስለዚህ ስላለፈው ዓመት ከመጠየቅ ይልቅ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ያውም ሕመምተኛው በሚናገረው ቋንቋ፣ በአካባቢው ብዙ ጊዜ በኦሮምኛ፣ መጠየቅ ይሻላል። የሕክምናው ውጤትም መጠነኛ መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ ጫማና ሳሙና ያገኘውም ሰው አሁንም ይታመማል።

ሌላው አስቸጋሪ ጉዳይ የዘር ነገር ነው። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ለበሽታው የተጋለጠ ነው። በወላይታ ተካሂዶ በ2012 የታተመው የጂን ጥናትም ተጋላጭነቱን ከኤች ኤል ኤ ጂኖች ጋር አያይዞታል። ሆኖም ነገሩ እንደ ሲክል ሴል አይደለም፤ ሲክል ሴል የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች በሚገኝ ጂን ሲሆን አፈር አይነካውም። በፖዶኮኒዮሲስ ግን የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ብቻ ነው፤ እግሩ አፈር ካልነካ በሽታው አይመጣም። «በዘር ነው» ብሎ ማቆም ቤተሰቡን ከጋብቻ ያገልላል፤ «የዘራችን ነውና ጫማ ምን ሊያደርግ» የሚል ተስፋ መቁረጥም ያመጣል። በወላይታ ከጂን ጥናቱ በፊት በተደረገ ውይይት ቤተሰቦች ጥናቱ መገለሉን እንዳያብስባቸው መሥጋታቸውን ገልጸዋል፤ ሥጋታቸውም መሠረት ነበረው።

ጫማም በምክር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በገጠር በተደረጉ ቃለ መጠይቆች ሰዎች ጫማቸውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን እንደሚያስቀምጡ፣ በጭቃ እርሻ ላይ ግን እንደማይመቻቸው ተናግረዋል። ያበጠ እግር ደግሞ በሱቅ ከሚሸጠው ጫማ ውስጥ አይገባም፤ በልክ መሠራት አለበት። እስከዚያው በጤና ጣቢያ ሊጀመር የሚችለው እግርን በየዕለቱ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በተበረዘበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባትና በመኝታ ጊዜ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ይህንንም የሚያከናውነው ባለሙያው ሳይሆን ሕመምተኛው ራሱ ስለሆነ፣ ውኃውን ማን ከየት እንደሚያመጣ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።