ከሊጥ የተገኘ የክብር ስም

ከእንግሊዝኛ ቃሎች መካከል በሰው አፍ እጅግ ከሚዘወተሩት አንዱ «ሌዲ» የሚለው ነው። ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ ተናጋሪዎችም በጉባኤ ፊት «ሌዲስ ኤንድ ጄንትልመን» ብለው ንግግራቸውን ይጀምሩበታል። ትርጓሜው እመቤት፥ ወይዘሮ ማለት እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ቃሉ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

እንግሊዞች ከሺሕ ዓመት በፊት ይናገሩት በነበረው በጥንቱ ቋንቋቸው ቃሉ «ህላፍዲዬ» ነበረ። «ህላፍ» ማለት ዳቦ ነው፤ ሁለተኛውንም ክፍል የቋንቋ ሊቃውንት «የምታቦካ» ብለው ይተረጕሙታል። የቤቱ ጌታም «ህላፍዌርድ»፥ ይኸውም ዳቦ ጠባቂ ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሎርድ» የሚባለው የጌትነት ስም የመጣው ከዚሁ ነው። በቤቱ የሚያድረውም አገልጋይ «ህላፍኤታ»፥ ዳቦ በሊ ይባል ነበር። እንግዲህ አንዱ ይጠብቃል፥ አንዲቱ ታዘጋጃለች፥ ሌላው ይበላል፤ የቤቱ ሥርዓት ሁሉ በዳቦ ተሰይሞ ነበር ማለት ነው። እኛም መተዳደሪያችንን «እንጀራ» ብለን ስለምንጠራ የነገሩ ምሥጢር አይጠፋንም።

ዘመን ባለፈ ቍጥር ቃሉ እያጠረ «ሌዲ» ሆነ፤ ክብሩ ግን እየረዘመ ሄደ። በእንግሊዝ አገር «ሰር» የተባለ ባለማዕርግ ሚስት በባልዋ የቤተሰብ ስም፥ የኧርል ልጅ ግን በገዛ ስምዋ ላይ «ሌዲ» ተብላ ትጠራለች። በኋላ የዌልስ ልዕልት የሆኑት ዲያና፥ አባታቸው የኧርልነትን ማዕርግ በወረሱ ጊዜ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. «ሌዲ ዲያና» የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ዛሬም ማንኛይቱንም ሴት በአክብሮት ለማንሣት ይነገራል። ዳሩ ግን የማያውቋትን ሴት «ሌዲ» ብሎ መጥራት እንደ ድፍረት ስለሚቈጠር፥ «ማዳም» ማለት ይሻላል።

ከዚያው ሥር «ዳዬ» የሚባል ሌላ ቃል ወጥቶ ነበር፤ እርሱም አቡኪ፥ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። የወተት ሥራ የሚሠራበት ቤት «ዴሪ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለቱ ቃሎች ከአንድ ቡሖ ዕቃ ተነሥተው፥ አንዱ ወደ እልፍኝ ገባ፤ ሁለተኛው በጓዳ ቀረ። ስሙን የወሰደችው እጅዋን ከሊጥ አወጣች፤ እጅዋ በሊጥ የቀረው ግን ስሙን አጣች።

የእኛ «እመቤት» የሚለው ቃል በግዕዝ የቤት እናት ማለት ነው። ይህም ስም ቢሆን የተሰጠው ለሥራና ለኀላፊነት እንጂ ለጌጥ አይደለም። ስለዚህ ሌሊት ተነሥታ የምታቦካውና የምትጋግረው፥ እናትም ትሁን እኅት ወይም ሠራተኛ፥ የክብሩ ስም በመጀመሪያ የእርስዋ እንደ ነበረ ወደ ማዕድ በቀረብን ጊዜ ሁሉ ልናስብ ይገባናል።