በነዳጅ ማደያው ላይ ያለው ቁጥር፦ ለሞተር ብስክሌት የሚስማማው ቤንዚን የትኛው ነው?

በዱባይ የነዳጅ ማደያዎች 91፣ 95 እና 98 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ 87፣ 89 እና 93 ተደርድረዋል። በጀርመን ደግሞ 95 እና 98 የተለመዱ ናቸው። አገሩ ቢለያይም አንድ ነገር አይለወጥም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዋጋውም ይጨምራል። በዚህም የተነሳ ብዙ ሰው ውዱ ቤንዚን የበለጠ ጉልበት ያለው፣ ለሞተርም የበለጠ ምቹ ነው ብሎ ያምናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአውሮፓ ከተሞች ምግብና ዕቃ እያደረሰ የዕለት እንጀራውን በሞተር ብስክሌት ለሚያገኝ ሰው ይህ እምነት በየቀኑ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በተቃራኒው፣ ከፍተኛ ኦክቴን የሚጠይቅ ሞተር ላይ ርካሹን ቤንዚን መሙላት ሞተሩን እስከማቃጠል ሊያደርስ ይችላል።

ለመሆኑ ኦክቴን ምንድን ነው? በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኦክቴን የጉልበት መለኪያ አለመሆኑ ነው። በአንድ ሊትር ባለ 91 እና በአንድ ሊትር ባለ 98 ቤንዚን ውስጥ ያለው ኃይል ተቀራራቢ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ቤንዚኑ ሳይለኮስ በራሱ ጊዜ ከመቀጣጠል ምን ያህል ራሱን እንደሚገታ ነው። በሌላ አነጋገር ኦክቴን የትዕግሥት መለኪያ ነው።

ትዕግሥቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ መመልከት ይገባል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን አምቆ ያሞቀዋል። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው እሳት ይረጫል፤ ነበልባሉም ከካንዴላው ተነስቶ በሥርዓት እየሰፋ ይሄዳል። ገና ነበልባሉ ያልደረሰበት የመጨረሻው ድብልቅ ግን በአንድ በኩል በፒስተኑ፣ በሌላ በኩል በሚሰፋው እሳት ተጨምቆ እጅግ ይግላል። ቤንዚኑ ይህን ሙቀት መቋቋም ካልቻለ ነበልባሉን ሳይጠብቅ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የግፊቱ ማዕበል የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲመታ በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰማል። መካኒኮች ሞተሩ "ያንኳኳል" የሚሉት ይህንኑ ነው።

ጉዳቱ በድምፅ አይወሰንም። በተለመደው ጊዜ ብረቱን ከእሳቱ የሚከልል ስስ የጋዝ ሽፋን አለ። ማንኳኳቱ ይህን ሽፋን ስለሚገፈው ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይገባል። ሁኔታው ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ የፒስተኑ አናት ይቦረቦራል፣ ፋሻዎቹ ይሰበራሉ፣ አንዳንዴም ፒስተኑ ይበሳል።

ይህ ችግር የሞተር ሳይንስን ለብዙ ዓመታት ሲያስጨንቅ ቆይቷል። በብሪታንያ መሐንዲሱ ሃሪ ሪካርዶ የማንኳኳትን ጠባይ በጥልቀት አጥንቷል። በአሜሪካ ደግሞ በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 የእርሳስ ውሕድ ቤንዚን ላይ ሲጨመር ማንኳኳቱን እንደሚያስቀር አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግሬም ኤድጋር የተባለ ኬሚስት ዛሬም የሚሠራበትን መለኪያ አቀረበ። በቀላሉ ለሚያንኳኳው ሄፕቴን 0፣ ለታጋሹ አይሶ-ኦክቴን 100 ተሰጠ። በዚህ ስሌት ባለ 95 ቤንዚን ማለት 95 እጅ አይሶ-ኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን እንደተቀላቀሉበት ድብልቅ ማንኳኳትን የሚቋቋም ነዳጅ ነው።

የእርሳሱ መፍትሔ ግን ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ አገሮች ተራ በተራ አገዱት። አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሽያጩን ካቆመች በኋላ እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ማደያዎች መጥፋቱን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም አስታውቋል። ዛሬ ኦክቴን ከፍ የሚደረገው በማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ በሚከናወን ሂደት ወይም እንደ ኢታኖል ያሉ ነገሮችን በመጨመር ነው።

አንድ ሞተር ምን ያህል ኦክቴን እንደሚፈልግ በዋናነት የሚወስነው ድብልቁን ስንት ጊዜ እንደሚያምቅ ነው። የያማሃ አር1 ሞተር ድብልቁን ወደ 13 እጅ ያህል አምቆ ስለሚያሳንሰው ከፍተኛ ኦክቴን ይጠይቃል። የሆንዳ ሬብል 500 ግን እስከ 10.7 እጅ እያመቀም በአሜሪካ መደበኛው ቤንዚን ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። የካዋሳኪ ኒንጃ ኤች2 ምጥጥን 8.5 ብቻ ቢሆንም፣ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ ስላለው ውዱን ቤንዚን ይፈልጋል። የሲሊንደሩ ስፋት፣ የእሳቱ ሰዓትና የማቀዝቀዣው ዓይነትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አምራቹ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር እነዚህ ሁሉ ተመዝነው የተገኘ ነው።

ሞተር ብስክሌት በዚህ ረገድ ከመኪና የሚለይባቸው ነገሮች አሉት። የዛሬ መኪኖች አብዛኞቹ ማንኳኳትን የሚያዳምጥ መሣሪያ አላቸው፤ ኮምፒውተሩም ወዲያውኑ የእሳቱን ሰዓት በማዘግየት ሞተሩን ያድነዋል። እንደ ቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ ያሉ ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶችም ይህ አላቸው። ብዙዎቹ ትንንሽና በካርቡራቶር የሚሠሩ ሞተሮች ግን የላቸውም። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ በባሕረ ሰላጤው በጋ፣ በመኪና መጨናነቅ መሐል ሲቆም ክፉኛ ይግላል። እዚህ ላይ ጠባቂው የአሽከርካሪው ጆሮ ነው።

አገር የሚቀያይር ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው ማደያዎች የሚጻፈው "ሮን" የሚባለው ልኬት ነው። ይህም የሙከራ ሞተር በደቂቃ 600 ጊዜ እየዞረ የሚገኝ ውጤት ነው። "ሞን" የተባለው ሁለተኛው ልኬት በ900 ዙርና በጋለ ድብልቅ ስለሚለካ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። አሜሪካና ካናዳ የሁለቱን አማካይ ይለጥፋሉ። ስለዚህ የአሜሪካ 87 ከአውሮፓ 91 ጋር ተቀራራቢ ነው። መመሪያው "91 ሮን" የሚልለት ሞተር አሜሪካ ውስጥ ባለ 91 ቤንዚን ቢሞላ ባለቤቱ ያለ ጥቅም ይከስራል። በተቃራኒው በአሜሪካ ልኬት 91 የሚጠይቅ ሞተር ዱባይ ላይ ባለ 91 ቢቀዳለት አደጋ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ የሚስማማው 95 ነው።

የቦታ ከፍታም ለውጥ ያመጣል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ማንኳኳቱም ይቀንሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዴንቨር ባለ 85 ቤንዚን የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ልማዱ ግን የካርቡራቶር ዘመን ውርስ በመሆኑ ለአዲስ ሞተር መመሪያውን መከተል ይበጃል። በተለይ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ተገቢውን ኦክቴን ቀድሞ መሙላት ይኖርበታል።

ከሚያስፈልገው በላይ መሙላትስ? ሞተሩን አይጎዳም፤ ግን አይጠቅምም። ልዩነቱ በሊትር 10 ሳንቲም ቢሆን፣ በቀን 6 ሊትር እየቀዳ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው 180 ዩሮ ያለ ፋይዳ ያወጣል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካውያን አሽከርካሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሳያስፈልጋቸው ለውድ ቤንዚን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳወጡ ገምቷል። ሞተርን የሚያጸዳው ደግሞ ኦክቴን ሳይሆን ቤንዚኑ ላይ የሚጨመር ማጽጃ ነው፤ ይህም በመደበኛው ቤንዚን ውስጥም ሊገኝ ይችላል።

እንግዲህ ተገቢው መንገድ ቀላል ነው። በመመሪያው ወይም በነዳጅ ጋኑ ክዳን አካባቢ ያለውን ቁጥርና ልኬቱ የትኛው እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ የማያንሰውን መሙላት ነው። ዳገት ሲወጣ ወይም ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚመጣ የጠጠር ድምፅ ከተሰማ፣ ማርሽ ዝቅ አድርጎና ነዳጅ ቀንሶ መንዳት፣ በሚቀጥለው ማደያም ከፍ ያለውን መቅዳት ይገባል። ቤንዚኑ ተቀይሮም ድምፁ ካልጠፋ ምክንያቱ የተጠራቀመ ጥላሸት፣ ያልተስማማ ካንዴላ ወይም ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መፍትሔው ያለው ማደያው ጋ ሳይሆን መካኒኩ ጋ ነው።