የቅርጫት ኳስ ዕጩ በምን ይመዘናል?

ቡድን ስናዋቅር «ረጅም ነው፣ ይግባ!» ማለት ይቀናናል። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቡድኖች በየዓመቱ ወጣቶችን ተራ በተራ ሲመርጡ ግን ቁመት ብቻውን አያበቃም። ዕጩዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ይለካሉ፤ የተዘረጋ ክንዳቸው፣ ዝላያቸውና ሩጫቸው ይመዘገባል፤ ሐኪምም ያያቸዋል። ይህ እንግዲህ ቀላሉ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ፖርትላንድ በሁለተኛው ተራ ሳም ቦዊን ሲወስድ፣ ማይክል ጆርዳን በሦስተኛው ለቺካጎ ደረሰ። ምን ነካቸው እንዳንል፣ በጆርዳን ቦታ የሚጫወት ክላይድ ድሬክስለርን ዓመት ቀድመው መርጠዋል፤ የጎደላቸው ረጅም የመሀል ተጫዋች ነበር። ማለትም ክፍቱን ቦታ እንጂ ልጁን አልመዘኑም። ቦዊ ደግሞ ገና በኮሌጅ ሳለ በእግር ጉዳት ሁለት የውድድር ዘመን ከሜዳ ርቆ ነበር። ይህንንም እያወቁ ነው!

በመሆኑም ቡድኖቹ ልጁ ሲጫወት ደጋግመው የሚያዩ ሰዎችን ይልካሉ። ኳስ ከመድረሱ በፊት ወዴት ያያል? ሲመራ ብቻ ሳይሆን ሲመራበትስ እንዴት ይጫወታል? ይህን ሜትር አይለካውም። በ2014 ከሰርቢያው ኒኮላ ዮኪች በፊት 40 ስሞች ተጠርተዋል። አይፈጥንም፣ ከፍ ብሎም አይዘልም፤ ኳስ ማቀበሉ ግን ሌላ ነው። የወሰደው ዴንቨር ሲሆን፣ ዮኪች በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ ኮከብ ተብሏል፤ በ2023ም ቡድኑ ዋንጫውን አንሥቷል።