ገፈራና አየር፦ ለቶጎጫሌ በጎች የበጋ ስንቅ

ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ፣ በሶማሌላንድ ድንበር ላይ የምትገኘው ቶጎጫሌ ጥቁር ራስ የሶማሌ በጎች በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ዐረብ አገሮች ከሚሻገሩባቸው በሮች አንዷ ናት። በጉ ግን ለገበያ ከመብቃቱ በፊት «ጂላል» የተባለውን ረጅም በጋ ማለፍ ይኖርበታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጠበቀው የ«ከረን» ዝናብ ጀምሮ ሲቋረጥ፣ በጅግጅጋ ሜዳ የተዘራው ማሽላ ፍሬ ሳይዝ ቆሞ ይቀራል። ያን ጊዜ ገበሬው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ዝናቡ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ፣ አለዚያም አገዳው ሳይደርቅ አጭዶ ለበጎቹ ማቆየት። ፈጽሞ የደረቀ አገዳ ለገፈራ አይሆንም።

ገፈራ (ሳይሌጅ) ከድርቆሽ የሚለየው እርጥብ እንዳለ በመቀመጡ ነው። በደቃቁ የተከተፈ ማሽላ አየር በሌለበት ሲታመቅ፣ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ፒኤቹ ወደ 4 ገደማ ሲወርድ ብስባሴ ይገታል። ነገሩ በአብዛኛው የአየር ጉዳይ በመሆኑ፣ የፊዚክስ ሰዎች ጣልቃ ብንገባ አንባቢ አይከፋብንም።

እስቲ እናስላው። በአንድ ሜትር ኩብ ጉድጓድ 500 ኪሎ ግራም ገፈራ ቢታመቅ ግማሽ ያህሉ ቦታ አየር ነው። በአካባቢው ከፍታ በዚህ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚያቃጥለው ስኳር 100 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚወጣው ሙቀትም ክምሩን ከአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እምብዛም አያስበልጠውም። ስለዚህ ገፈራው ሲከፈት እንፋሎት ቢያወጣ፣ ጥፋተኛው ሲከደን ውስጥ የቀረው አየር ሳይሆን ከዚያ በኋላ ሲሾልክ የከረመው ነው። አጥብቆ መርገጥ የሚጠቅመውም በዋናነት የአየሩን መተላለፊያ ስለሚያጠብብ ነው።

ሾልኮ መግባቱ ሲከፈት ይብሳል። 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን በግ በቀን 900 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ግማሹን ከገፈራ ቢያገኝ 1.3 ኪሎ ግራም ይበላል፤ ከዚህም ውስጥ ከ800 ግራም በላይ የሚሆነው ውኃ ነው፣ በጂላል ቀላል ስጦታ አይደለም። ሃያ በጎች ታዲያ 26 ኪሎ ግራም ይጨርሳሉ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሆነ የጉድጓድ ፊት ይህ በቀን አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ መቁረጥ ነው፤ በሞቃት አገር ሻጋታው ይቀድማል። ጉድጓድ ብዙ ላሞች ላሉት እርባታ ይስማማል። ለሃያ በጎች በሁለት ቀን የሚያልቅ የ50 ኪሎ የፕላስቲክ ከረጢት ይሻላል እንላለን፤ ለዘጠና ቀን 47 ያህል ይበቃል። ሆኖም ከረጢት ከመጠኑ አንጻር ገጹ ሰፊ ነው፤ እሾህ ወይም አይጥ የከፈተችው አንዲት ቀዳዳ ሙሉውን ታበላሻለች። ከፀሐይም መጠለል አለበት።

እርጥበቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የተከተፈውን ጨብጦ መልቀቅ ነው፤ ውኃ ካንጠባጠበ በዝቷል፣ ወዲያው ከተበተነ ደርቋል።

አንድ አደጋ ግን አለ። በድርቅ የተጎዳ ማሽላ፣ በተለይም ከዘገየ ዝናብ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋ፣ ሳያናይድ የሚያመነጭ ውሕድ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ትኩሱን አጭዶ ማብላት በጉን ሊገድል ይችላል። ገፈራ ሆኖ ሲከርም መርዙ በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ታሽጎ ይቆይ፤ ሲከፈትም በመጀመሪያው ሳምንት በጥቂት በጥቂቱ፣ ከገለባ ጋር ተደባልቆ ይሰጥ።