የፊት አጥንት ዋሻዎችና የንፍጥ መውረጃቸው

ልጃችሁ ጉንፋን ሲይዘው «ይህ ሁሉ ንፍጥ ከየት ይመጣል?» ሳትሉ አትቀሩም። ከአንጎል የሚወርድ የሚመስለውም ሰው አለ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ንፍጥ የሚመነጨው ከአፍንጫና በአፍንጫ ዙሪያ ካሉት የአጥንት ዋሻዎች ነው። እነዚህንም ሐኪሞች ሳይነስ ይሏቸዋል።

ዋሻዎቹ 4 ዓይነት ሲሆኑ፣ ሁሉም በቀኝና በግራ ይገኛሉ። እነርሱም በጉንጭ አጥንት ውስጥ፣ ከቅንድብ በላይ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ እንዲሁም ከአፍንጫ በስተኋላ በራስ ቅል ሥር ያሉት ናቸው። የጉንጩና የዓይን መካከሉ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ አሉ፤ የግንባሩ ግን ልጁ ሲያድግ የሚመጣ ነው።

በጤና ጊዜ በውስጣቸው ያለው አየር ነው። ግድግዳቸውን የሸፈነው ስስ ርጥብ ሽፋን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉት። እነዚህም እንደ ቤት መጥረጊያ ንፍጡንና አቧራውን ወደ መውጫው ቀዳዳ ይገፉታል። ከዚያ ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫም ወደ ጉሮሮ ይሄድና ሳናውቀው እንውጠዋለን።

የጉንጩ ዋሻ እንስራን ይመስላል፤ መውጫው ከላይ ነውና። እንስራ ቆሞ ሳለ ውኃው በራሱ አይፈስም። እዚህም ንፍጡን ሽቅብ የሚያወጡት እነዚያ ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው። ጉንፋን ሲይዝ ሽፋኑ ያብጥና ጠባቡን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ የምድጃ ጭስም ፀጉሮቹን ያደክማቸዋል። ያን ጊዜ ንፍጡ ይታቆራል፤ ጀርም ይራባበታል፤ ጎንበስ ሲሉም ጉንጭና ግንባር ይከብዳል። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ለዚሁ ዋሻ ጎረቤት ስለሆነ፣ የበሰበሰ ጥርስም ሕመሙን ሊያመጣው ይችላል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ልጁን ከጭስ አርቁት፤ እሳት ሲነድ በርና መስኮት ክፈቱ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ጥቂት ጠብታ በአፍንጫው ብታደርጉለት ንፍጡ ይቀጥናል። ሲናፈጥም አንዱን ቀዳዳ ይዞ በሌላው፣ በቀስታ ይሁን። ከዚያ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። እንጥል ማስቆረጥ ግን ይህን መንገድ አይከፍተውም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል እንጂ።

ንፍጡ ከ10 ቀን በላይ ሳይሻለው ከቆየ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ከወረደ ምናልባት ባቄላ ወይም ሽምብራ ከትቶ ይሆናልና፣ በእንጨት አትጎርጉሩ፤ ለሐኪም አሳዩት።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኑን ተመልከቱ። በዓይንና በዋሻው መካከል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። የዓይኑ ዙሪያ ካበጠ፣ ወይም ትኩሳቱ በርትቶ አንገቱ ከደረቀና ከፈዘዘ፣ መግሉ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል እየተሻገረ ይሆናል። ያን ጊዜ «ነገ ይሻለው ይሆናል» አይባልም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።