መከላከል ሌላ፣ መቋቋም ሌላ

በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ፣ በሬዲዮ ማስታወቂያም ሆነ በትምህርት ቤት መጽሐፍ አንድ ቃል ብቻውን ብዙ ሸክም ይሸከማል። ወባን እንከላከል ይባላል፤ የእርግዝና መከላከያ፣ የአደጋ መከላከል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይባላል፤ የአገር ሠራዊትም መከላከያ ነው። መመከት፣ መቋቋም፣ መጠበቅ የሚባሉት ዘመዶቹ አልፎ አልፎ ብቅ ቢሉም በቦታቸው የሚገባው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በተራ ወሬ ይህ ማንንም አይጎዳም። በጤና ጉዳይ ግን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቃል ጠላቱ የት ደርሶ እንደሚገታና የሚገታው ማን እንደሆነ ለየብቻው ይናገራል።

ልዩነቱ በቃላቱ ሥር ውስጥ አለ። መከላከል ከመከልከል የወጣ ነው፤ እንዳይገባ፣ እንዳይደርስ ማድረግ። አጎበር የወባ ትንኝን የሚከላከለው በዚህ ትርጉሙ ነው፤ ትንኟ ከቆዳው ካልደረሰች በሽታውም የለም። መመከት የጋሻና የዱላ ቃል ነው። የሚመክት ሰው ምቱ ተሰንዝሮበታል፤ ሥራው ምቱ እንዳይጎዳው ማድረግ ነው። መቋቋም ደግሞ ከመቆም ይመጣል፤ የደረሰውን ችሎ፣ ሳይወድቁ መገኘት። ሦስቱን አንድ ያደረገ ሰው ሦስት የተለያዩ ተስፋዎችን አንድ አድርጓል ማለት ነው።

ክትባትን እንውሰድ። ክትባት ጀርሙን በር ላይ አያስቀረውም። ለነጭ የደም ሕዋሳት የጀርሙን ምልክት አስቀድሞ ያሳያቸዋል፤ እውነተኛው ጀርም ሲገባ ሰውነት ሳይዘገይ ይመክታል። የምከታው ጥንካሬ ግን ከክትባት ክትባት ይለያያል። የኩፍኝ ክትባት በሽታውን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ስለሚያስቀር ይከላከላል ቢባል ትክክል ነው። በጨቅላነት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ግን ሕፃናትን ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች፣ በተለይም ወደ አንጎል ሽፋን ከሚሄደው፣ በደንብ ያድናል፤ አዋቂዎችን ከሳንባ ቲቢ የመጠበቅ ኃይሉ ደካማ ነው። የኮቪድ ክትባትም ዋና ጥቅሙ ሰው በጠና እንዳይታመምና እንዳይሞት ማድረጉ ነበር። ይከላከላል ተብሎ የተነገረው ሰው የተከተበ ጎረቤቱ ሲያስለው ሲያይ ክትባቱ ከንቱ ነው ብሎ ቢደመድም ሙሉ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የተሰጠው ተስፋ ከእውነታው የላቀ ነበር። ለመመከት ይረዳል፣ ሕመሙን ያቀልላል የተባለ ሰው ግን ያንኑ ሳል አይቶ ክትባቱን አይጠራጠርም።

ከዚህ የከፋው መላመድ በሚለው ቃል ላይ የሚደርሰው ነው። ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል፤ ባለሙያውም «የመድኃኒት መላመድ» ይላል። ሁለቱ አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ባለቤታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን የሚላመደው ጀርሙ ነው፤ ራሱን ከመድኃኒቱ የሚከላከለው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ጎረቤታችን ሱዳንን ጨምሮ በ12 አገሮች ወደ 10,000 የሚሆኑ ሰዎችን ሲጠይቅ 76 ከመቶው የሚላመደው የሰው ሰውነት እንደሆነ ያምኑ ነበር። ስሕተቱ የአማርኛ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል፤ አማርኛ ግን ባለቤቱን ትቶ «የመድኃኒት መላመድ» ሲል ለስሕተቱ ሰፊ በር ይከፍትለታል። ውጤቱ ቀላል አይደለም። የሚላመደው ሰውነቴ ከሆነ መድኃኒት የማላበዛ ሰው ምን አገባኝ እላለሁ። የሚላመደው ጀርሙ ከሆነ ግን አንድ ሰው የስድስት ወር የቲቢ ሕክምናውን መሃል ላይ ሲያቋርጥ መድኃኒት የተላመደው ጀርም በትንፋሽ ወደ ቤተሰቡ፣ ከዚያ በፊት አንዲት ክኒን ቀምሶ ወደማያውቅ ሰው ሊሻገር ይችላል።

ቃል መሰንጠቅ የምሁራን ሥራ ነው፣ ገበሬና ነጋዴ ከዐውዱ ይረዳል የሚል ይኖራል። ገበሬው ግን ይህን ልዩነት ከብዙዎቻችን ቀድሞ ይጠቀምበታል። የሚረጨው ኬሚካል ዋግ የተባለውን የስንዴ በሽታ ይከላከላል፤ የሚዘራው ዘር ዋግን ይቋቋማል። የሚቋቋም ዘርም ለዘላለም እንደማይቋቋም በዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ከመታ በኋላ ብዙ የአርሲና የባሌ ገበሬ ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ተቋቁሞ ሳለ ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ደርሶ ጣለው። ስንዴው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዋጉ ነው። ይህን በማሳው ያየ ሰው የቲቢ ጀርምም እንዲሁ ይለወጣል ቢሉት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መከላከል የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማስታወቂያ አጭር መሆን አለበት፣ ቃል ሲበዛ ሰሚ ያመልጣል ይባላል። የማጠሩ ነገር እውነት ነው። ፊት ለፊት የሚነጋገር ሰው ካልገባው መልሶ ይጠይቃል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን አይጠየቅም፤ ስለዚህ ትክክለኛነቱን ከመጀመሪያው ይዞ መምጣት ይኖርበታል። ደግሞም የሚጨመረው ብዙ አይደለም። «የመድኃኒት መላመድን እንከላከል» ከማለት «ጀርሞች መድኃኒትን እንዳይላመዱ የታዘዘልንን እንጨርስ» ማለት የሚጨምረው ሁለት ሦስት ቃል ነው፤ በእነዚያ ቃላት ውስጥ ግን ማን እንደሚላመድም፣ አንባቢው ምን ማድረግ እንዳለበትም ተነግሯል።